ከመሸንሸኑ በፊት፦ የቴክሳስ ድንበር ካውንቲዎችና የመኖሪያ መሬት ሥልጣን

(በዳላስ አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የእረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለ መሬት ሕግ ለመስማት በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። እኛ ሰዎች መሬት ሲባል ጆሯችን ይቆማል። ሕግ ሲባል ደግሞ እንቅልፋችን ይመጣል። ዛሬ ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያመጣሁላችሁ፤ እንግዲህ ቻሉት።

መቼም ከእናንተ መሀል ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ግን በሕግ ከተማ አይደለችም። ከንቲባ የላትም፣ የከተማ ምክር ቤትም የላትም። አንኢንኮርፖሬትድ የሚሉት እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። የሚያስተዳድራት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፤ ካውንቲ ማለት ከስቴት በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው። የትኛው ጎዳና ላይ አፓርታማ ይቁም፣ የትኛው ሰፈር የግቢ ቤት ብቻ ይሁን፣ የቱ ጋ ምግብ ቤት ይከፈት፣ ይህን የመሬት አጠቃቀም ደንብ፣ ዞኒንግ የሚሉትን፣ የሚያወጣው የካውንቲው ምክር ቤት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ፌርፋክስ ካውንቲም በአብዛኛው እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ከዚያ ወደዚህ የመጣ ሰው "ካውንቲው አለ፣ ካውንቲው ያያል" ብሎ ቢተማመን አይፈረድበትም።

ቴክሳስ ግን ሌላ ነው። እዚህ 254 ካውንቲዎች አሉ። እያንዳንዱ ካውንቲ ጃጅ የሚባል ሰብሳቢና አራት ኮሚሽነሮች የሚቀመጡበት ሸንጎ አለው። ሸንጎው መንገድ ይጠግናል፣ እስር ቤት ያስተዳድራል፣ የንብረት ግብር ይጥላል። ከከተማ ክልል ውጭ ባለ መሬት ላይ ግን "እዚህ መኖሪያ ይሁን፣ እዚያ የድንጋይ ካባ ይከፈት" የማለት አጠቃላይ ሥልጣን የለውም። የቴክሳስ ካውንቲ የሚሠራው ሕገ መንግሥቱና የስቴቱ ምክር ቤት በግልጽ የፈቀዱለትን ብቻ ነው። ያልተፈቀደለትን አይነካም። ከተሞች የዞኒንግ ፈቃድ ካገኙ ወደ መቶ ዓመት ሊሆናቸው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1926 ዞኒንግ ሕጋዊ ነው ሲል ቴክሳስ በዓመቱ ለከተሞቿ ፈቀደች። ሂውስተን ዛሬም አልፈልግም እንዳለች ነው፣ ያ የራሷ ጉዳይ ነው። ካውንቲዎቹ ግን መምረጥም አልቻሉም።

ይህ ነገር ምን እንዳመጣ በደንብ የሚታየው ድንበሩ ላይ ነው። ከኤል ፓሶ ጀምራችሁ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር እስከ ብራውንስቪል ብትነዱ፣ ከከተሞቹ ወጣ ስትሉ ኮሎኒያ የሚባሉ ሰፈሮች ታገኛላችሁ። ቴክሳስ ውስጥ ከ2,000 በላይ ናቸው። ሂዳልጎ ካውንቲ ብቻውን ከ900 በላይ አለው። በጠቅላላው ወደ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ይኖርባቸዋል ይባላል። የፌዴራል መንግሥቱ በ1990 ባወጣው የቤቶች ሕግ ኮሎኒያ ማለት ከሜክሲኮ ድንበር በ150 ማይል ውስጥ ያለ፣ የሚጠጣ ውሃ ወይም የፍሳሽ መስመር ወይም ደህና ቤት የጎደለው ሰፈር ነው። ነዋሪዎቹ ሕገወጥ ስደተኞች ናቸው ብሎ የሚገምት ብዙ ሰው አለ። ስህተት ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። የእርሻ ሠራተኞች፣ ግንበኞች፣ ቤት አጽጂዎች፣ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳዮች ናቸው።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አካባቢ ለእርሻ የማይመች፣ አንዳንዱም ጎርፍ የሚተኛበት መሬት የነበራቸው ሰዎች መሬቱን ሸንሽነው መሸጥ አዋጪ መሆኑን አዩ። ቀያሽ ይጠራል፣ ችካል ይተከላል፣ ግሬደር አንድ ሁለት ጊዜ ይመላለስና መንገድ ተሠራ ይባላል። ውሃ የለም። ፍሳሽ የለም። መብራት ምናልባት። ካውንቲው ቆሞ ያያል፤ ከልክል የሚል ሕግ በእጁ የለም። በየከተማው ደግሞ አቅም የሚፈቅደው ቤት የለም። ስለዚህ ሰው ይገዛል። ክሬዲት አይጠየቅ፣ ባንክ አይኬድ፤ ትንሽ ቅድሚያ ተከፍሎ የቀረው በየወሩ ነው።

ውሉን ልብ በሉት፣ መርዙ ያለው እዚያ ላይ ነው። የባለቤትነት ሰነዱ የሚዛወረው የመጨረሻው ክፍያ ሲከፈል ነበር። እስከዚያ ድረስ ገዢው ገዢ ተብሎ እንጂ ተከራይ ነው። ስምንት ዓመት ከፍሎ፣ ቤት ሠርቶ፣ ዛፍ ተክሎ አንድ ሁለት ወር ካለፈው ሻጩ መሬቱን ከነቤቱ ይረከባል። ከዚያ ለሌላ ይሸጠዋል። ውሉ ካውንቲ ጽሕፈት ቤት ስለማይመዘገብ አንድ ቦታ ለሁለት ሰው ሲሸጥም የሚያውቅ የለም።

እነዚህን ሰፈሮች ከአዲስ አበባ ጨረቃ ቤት ጋር የሚያመሳስል ወዳጅ አለኝ። መልኩ ሊመሳሰል ይችላል፣ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ጨረቃ ቤት የሠራ ሰው ሕገወጥ እንደሆነ ያውቃል፣ ሌሊት የሚገነባውም ለዚያ ነው። ኮሎኒያ የገዛ ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ በፊርማ፣ በደረሰኝ ነው የገዛው። ሽያጩ ሕጋዊ ነበር። አስቀያሚው ነገር ሕጋዊነቱ ነው።

እስቲ አንዱን ቦታ ጠጋ ብለን እንየው። ሠላሳ ሜትር በማይሞላ ግንባር ላይ አንድ ያረጀ ትሬለር፣ ተጎታች ቤት፣ አለ። ከጀርባው የተጀመረ የብሎኬት ግድግዳ፣ ከላዩ ለሚቀጥለው ክፍል የተተወ የብረት ጫፍ ወጥቶ ይታያል። ገንዘብ ሲገኝ አንድ ክፍል ይጨመራል፣ ገንዘብ ሲጠፋ ይቆማል። ከትሬለሩ ጎን የፕላስቲክ በርሜል አለ። ውሃ የሚመጣው በፒክአፕ ነው፤ ወይ ከዘመድ ቤት ቧንቧ፣ ወይ መንገድ ዳር ካለ ውሃ መሸጫ ኪዮስክ በጋሎን። ቀድሞ ኬሚካል የተያዘባቸውን በርሜሎች ለውሃ የሚጠቀሙም ነበሩ። ፍሳሹ በጉድጓድ ነው። ዝናብ ሲጥል ጉድጓዱ ይሞላና ልጆቹ ትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚጠብቁበት ጭቃ ላይ ይወጣል። በ2008 ዶሊ የተባለው ሄሪኬን ሂዳልጎና ካሜሮን ካውንቲዎችን ሲመታ ብዙ ኮሎኒያዎች ውሃ ተኝቶባቸው ሰንብቷል። መሬቱ ሲሸነሸን ውሃው በየት ይውረድ ብሎ የጠየቀ ስላልነበረ ነው።

የስቴቱ ምክር ቤት የነቃው በ1989 ነው። ያኔ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ለድሃ አካባቢዎች የውሃና የፍሳሽ መስመር የሚዘረጋ የገንዘብ ፕሮግራም አቋቋመ። ሁለተኛ፣ ከዚህ ገንዘብ የሚፈልግ ካውንቲ መጀመሪያ የሽንሸና ደንብ ያውጣ አለ። ደንቡን አርቅቆ እንደ ናሙና ሰጣቸው። ብልጠቱን አያችሁ? ካውንቲውን አላስገደደም፣ በገንዘብ ሳበው። ለዚህ ፕሮግራም የቴክሳስ መራጮች ከዚያ በኋላም ደጋግመው ብድር ፈቅደዋል፤ በ2007 250 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2019 200 ሚሊዮን ዶላር።

ጠንከር ያለው ሕግ የመጣው በ1995 ነው። ከዓለም አቀፍ ድንበር በ50 ማይል ውስጥ ለሚገኙ ካውንቲዎች ለብቻ የወጣ ምዕራፍ ነው። ሀሳቡ ቀላል ነው፦ መሬት ለመኖሪያ ሸንሽነህ ልትሸጥ ከሆነ መጀመሪያ የሽንሸና ካርታውን፣ ፕላት የሚሉትን፣ ለካውንቲው ሸንጎ አቅርበህ አስጸድቅ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ፍሳሹ የት እንደሚገባ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ መንገዱ እንዴት እንደሚሠራ አሳይ። ገና ካልተሠራ ደግሞ የማሠሪያውን ዋስትና አስይዝ። ይህን ሳታደርግ አትሸጥም። ከሸጥክ በፍትሐብሔርም በወንጀልም ትጠየቃለህ። በዚያው ጊዜ የውሉም ሕግ ተሻሻለ። ገዢው ከዋጋው 40 በመቶ ወይም የ48 ወር ክፍያ ከከፈለ ሻጩ ዝም ብሎ ሊያስወጣው አይችልም፤ እንደ ባንክ ብድር በሐራጅ ሥርዓት መሄድ አለበት። በ2015 ደግሞ እንዲህ ያለ ውል ካውንቲ ጽሕፈት ቤት ከተመዘገበ የባለቤትነት መብቱ ለገዢው እንዲተላለፍ ተደረገ።

እንግዲህ እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ዋና ነገር ይኼ ነው፦ የካውንቲ ሥልጣን ዋጋ የሚኖረው መሬቱ ሳይሸነሸን፣ በሸንሻኙ ላይ ሲውል ነው። አንዴ ተቆራርሶ ከተሸጠ በኋላ የምታወጡት ደንብ ሁሉ የሚያርፈው ገዢው ጀርባ ላይ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። የ1995ቱ ሕግ አንድ ሌላ አንቀጽ ነበረው። የመብራት፣ የውሃና የጋዝ ድርጅቶች ፕላት ለሌለው መሬት አገልግሎት እንዳያስገቡ ከለከለ። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው፤ መብራት ከሌለ ማንም አይገዛም፣ ሻጩም ይጨነቃል ተባለ። በተግባር ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ሄዷል። መብራት ኃይል በር ላይ የቆመችው ሦስት ልጆች ያሏት እናት ናት። "የፕላት ማረጋገጫ አምጪ" ትባላለች። ካውንቲ ትሄዳለች። "ሰፈሩ በሙሉ ፕላት የለውም፣ ቀያሽና መሐንዲስ ቀጥራችሁ አሠሩ" ትባላለች። ማን ይክፈል? አርባ አባወራ ተስማምቶ ይክፈል? እሷ ከጎረቤት በኤክስቴንሽን ገመድ መብራት ትስባለች። ገመዱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ዝናብ ይመታዋል። ምክር ቤቱ ከዚያ በኋላ በየጊዜው ልዩ ሁኔታዎችን እየጨመረ በሩን ከፈት አድርጓል። ግን ሻጩን ለመቅጣት የወጣ ሕግ ገዢዋን ጨለማ ውስጥ ማስቀመጡ ትዝ ባለኝ ቁጥር ያበሳጨኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ፕላቱ ልመለስ። ይህን ወረቀት ብዙ ሰው አያነበውም። ትልቅ ወረቀት ነው፣ ቁጥር የተሰጣቸው ሳጥኖች አሉበት። አይናችሁ ወደ ሳጥኖቹ ይሄዳል፤ ሥራው ያለው ግን ከጎን በደቃቅ ፊደል በተጻፈው ማስታወሻ ላይ ነው። በናሙናው ደንብ መሠረት በአንድ ቁራሽ መሬት ላይ ከአንድ የአንድ ቤተሰብ ቤት በላይ አይሠራም። ቤቱ ከመንገድ ቢያንስ 10 ጫማ፣ ከጎረቤት ወሰን ቢያንስ 5 ጫማ ይርቃል። ስለ ጎርፍ ቀጠና፣ ስለ ውሃ ማቆሪያ፣ የመብራትና የቧንቧ መስመር ስለሚያልፍበት ጠባብ መሬት ይጽፋል። ሌላ ቦታ ቢሆን ይህን ሁሉ ዞኒንግ እንለዋለን። እዚህ ግን ስሙ አይነሳም።

ግራ የሚያጋባው፣ በዚያው የሕግ መጽሐፍ ለካውንቲዎች በጠቅላላ የሽንሸና ሥልጣን የሚሰጠው አንቀጽ አለ። እሱ ደግሞ ሸንጎው እንዳይነካ ብሎ ይዘረዝራል፦ ሕንፃው ለምን አገልግሎት እንደሚውል፣ ቁመቱንና ስፋቱን፣ በአንድ ቦታ ስንት ሕንፃ እንደሚቆም፣ በኤከር፣ አራት ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ በሆነ መሬት፣ ስንት መኖሪያ እንደሚሠራ። በፊት በር የተከለከለው በጓሮ በር ገባ ማለት ነው። የድንበር ካውንቲ ውሃና ፍሳሽ ብሎ የቤቶቹን ብዛት ይወስናል፤ ዞኒንግ ብሎ ከወሰነ ግን ጥሷል።

በጓሮ የገባው ሌላው ነገር ሴፕቲክ ታንክ፣ ግቢ ውስጥ የሚቀበረው የፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ ነው። የፍሳሽ መስመር በሌለበት በአዲስ ሽንሸና ሴፕቲክ ለመትከል፣ የሕዝብ ውሃ ካለ ቁራሹ በአብዛኛው ከግማሽ ኤከር ማነስ የለበትም። የራስህን የውሃ ጉድጓድ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ 1 ኤከር። ስለዚህ ከከተማ ውጭ ስንት ቤት ይሠራ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ፖለቲከኛ ሳይሆን ሽንት ቤቱ ነው። ይቅርታ፣ ምሳ ሰዓት መድረሱን ረሳሁት።

በ2009 ደግሞ የድንበር ካውንቲዎች ለአዲስ መኖሪያ ቤቶች የግንባታ ደረጃ እንዲያወጡ ተፈቀደላቸው። ቤቱን የሚያየው ግን የካውንቲ ሰው አይደለም። ገንቢው ራሱ ተቆጣጣሪ ቀጥሮ ያስፈትሽና ማስረጃ ያቀርባል። ካውንቲው ለዚህ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ያለ በጀት የተሰጠ ሥልጣን ምን ያህል እንደሚሠራ ለእናንተ አልነግርም።

ከተሞችም ከክልላቸው ውጭ የተወሰነ ዙሪያ አላቸው። ትንሽ ከተማ ግማሽ ማይል፣ ከ100,000 ሕዝብ በላይ ያለው 5 ማይል። በዚያ ዙሪያ ሽንሸና ይቆጣጠራሉ፣ ዞኒንግ ግን አያወጡም። በ2019 ከተሞች ያለ ነዋሪው ፈቃድ መሬት ወደ ክልላቸው እንዳያስገቡ ተከለከሉ። በ2023 ደግሞ ባለመሬቶች በማመልከቻ ከዚህ ዙሪያ እንዲወጡ ተፈቀደ። የከተማው እጅ ባጠረ ቁጥር ሸክሙ ወደ ካውንቲው ይገፋል፤ ካውንቲው ደግሞ እጁ ቀድሞውኑ ታስሯል።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ስሰማው ያሳቀኝ ነው። ምክር ቤቱ ለካውንቲ ዞኒንግ ጨርሶ አልሰጠም አይደለም፤ ቦታ መርጦ ሰጥቷል። ፓድሬ ደሴት ላይ ሰጥቷል፤ ካሜሮን ካውንቲ የሚደርስበት የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ነው። ዴል ሪዮ አጠገብ ባለው የአሚስታድ ሐይቅ ዙሪያ ሰጥቷል። ኤል ፓሶ ውስጥ በጥንታውያኑ የሚሲዮን አብያተ ክርስቲያናት መንገድ ላይ ሰጥቷል። ሦስቱም ድንበር ላይ ናቸው። ቱሪስት የሚያይበት ቦታ እንዳይበላሽ ካውንቲው ይወስናል፤ ሰው የሚኖርበት ቦታ ላይ ግን የባለንብረት ነጻነት ይነሳል። ስለዚህ "ቴክሳስ በመርህ ዞኒንግ አትወድም" ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ።

አንዳንዶቻችሁ "እንግዲያው ለካውንቲዎቹ ሙሉ ሥልጣን ይሰጥና ነገሩ ይለቅ" ትሉ ይሆናል። ሌሎቹን የድንበር ስቴቶች እንይ። ካሊፎርኒያ፣ አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ካውንቲዎች ዞኒንግ ያወጣሉ። ሆኖም ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ከኤል ፓሶ አፍንጫ ሥር በዶኛ አና ካውንቲ፣ ኮሎኒያዎች ሞልተዋል። ምክንያቱ ቀዳዳ ነው። እስከ 1995 ማሻሻያ ድረስ መሬትን ከአምስት በታች መቁረስ በሕጉ ሽንሸና አይባልም ነበር። ስለዚህ አንዱ ለአራት ይቆርሳል፣ ለዘመድ ያስተላልፋል፣ ዘመድ እንደገና ለአራት ይቆርሳል። ሰፈር ተፈጠረ፣ ሽንሸና ግን አልተደረገም። አሪዞናም እስከ አምስት ቁራሽ ድረስ የሽንሸና ሕጉ አይነካም። በዚያ ቀዳዳ የበቀሉ ሰፈሮች በየበረሃው አሉ። ዞኒንጉ ቤቶቹ እንዴት ይደርደሩ ይላል፤ ውሃ አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም።

እኔ ራሴ የሙሉ ዞኒንግ አድናቂ አይደለሁም። በዚህ አገር ታሪክ ዞኒንግ ድሃና ጥቁር ከሰፈር የሚከለከልበት አጥር ሆኖ ኖሯል። ትልቅ ግቢ ብቻ ይፈቀድ ሲባል ትንሽ ገቢ ያለው ሰው አይግባ ማለት ነው። ሂዳልጎ ካውንቲ ነገ ትሬለር ክልክል ነው ቢል የሚጎዳው ያው ሠራተኛ ነው። የኮሎኒያ ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር አግኝተዋል፤ ቀስ እያሉ፣ ክፍል በክፍል፣ ያለ ባንክ የራሳቸውን ቤት ሠርተዋል። ያን መንገድ የሚዘጋ ደንብ አልደግፍም። ውሃ፣ ፍሳሽ፣ ጎርፍና መንገድ ሳይኖር መሬት መሸጥ ግን ነጻነት አይደለም። ካውንቲ ደንብ ካላወጣ ደንብ የለም ማለትም አይደለም። ሸንሻኙ ያወጣዋል፣ በውሉ ውስጥ፣ ለራሱ በሚመች መንገድ።

ራሳቸውን ያወጡም አሉ። ከላሬዶ ደቡብ፣ ዌብ ካውንቲ ውስጥ፣ ኤል ሴኒሶና ሪዮ ብራቮ የሚባሉ ሁለት ኮሎኒያዎች በ1989 ድምፅ ሰጥተው ከተማ ሆኑ። ካውንቲው የሌለውን ሥልጣን በአንድ ቀን አገኙት። ገንዘብ አብሮ አልመጣም፤ የድሃ ሰፈር የግብር መሠረት ያው የድሃ ነው። ግን ጎዳናው ላይ የሚወስነው የሰፈሩ ሰው ሆነ።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖራል። በቀጥታ ያገባናል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከዳላስ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ነድቶ ኤከር ያየ ሰው ሞልቷል። ማስታወቂያው "ክሬዲት አያስፈልግም፣ ባለቤቱ ራሱ ያበድራል፣ ምንም ክልከላ የለም" ይላል። "ምንም ክልከላ የለም" ሲባል ደስ ይለናል። ለእናንተ የሌለው ክልከላ ለጎረቤታችሁም እንደሌለ አስቡ። ነገ ከአጥራችሁ ማዶ የአሮጌ መኪና ማከማቻ ቢከፈት ካውንቲው አንዳንድ ነገር ሊል ይችላል፣ ዞኒንግ ግን የለውም።

ደላላው የሚያሳያችሁን የስልክ ካርታ ተዉት። ካውንቲ ክለርክ ቢሮ ሄዳችሁ ፕላቱ ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቁ። ውሃ አለ ከተባለ የውሃ ድርጅቱን በስማቸው ጥሩና ለዚህ ቁራሽ ቆጣሪ ትሰጣላችሁ ወይ በሉ፣ በጽሑፍም ተቀበሉ። ዲድ ሪስትሪክሽን ካለ አንብቡ፤ ሸንሻኙ የጻፈው የግል ሕግ ነው፣ ካውንቲው ባያወጣውም ፍርድ ቤት ያስፈጽመዋል። ውላችሁን ደግሞ በፈረማችሁ ቀን አስመዝግቡ። የ2015ቱ ሕግ የሚሠራው ለተመዘገበ ነው። ሻጩ "መመዝገብ አያስፈልግም፣ ወንድማማች ነን" ካላችሁ ቦርሳችሁን ያዙ።

በመጨረሻ ጥያቄዎች ነበሩ፤ አንዱን ብቻ ላስገባ። አንድ አባት "አንድ ኤከር አለኝ፣ ለእኔ ሠርቻለሁ፣ ለወንድሜ ልጅ ከጎኔ ሁለተኛ ቤት ብሠራለት ማን ይከለክለኛል?" ብለው ጠየቁ። አባቴ፣ ከንቲባ አይከለክልዎትም፣ የዞኒንግ ሹምም የለም። ግን ሁለት ወረቀት ይዩ። የመጀመሪያው ፕላቱ ነው፤ በአንድ ቁራሽ አንድ ቤት የሚል ማስታወሻ ካለበት በዚያ ይያዛሉ። ሁለተኛው የሴፕቲክ ፈቃድዎ ነው። ፈቃዱ ላይ ስንት መኝታ ቤት እንደተጻፈ ይመልከቱ። ለሦስት መኝታ ቤት የተፈቀደ ታንክ ለሁለተኛ ቤት አይበቃም፣ አዲስ ዲዛይን ያስፈልጋል። መሬቱን ለሁለት ቆርሼ በስሙ ልስጠው ካሉ ደግሞ የሽንሸና ጥያቄ ይመጣል። ለቅርብ ቤተሰብ የሚሰጥ መሬትን ከፕላት ነጻ የሚያደርግ ድንጋጌ አለ፤ የወንድም ልጅ ይገባበት እንደሆነ ግን ችካል ከመትከልዎ በፊት ሕጉን ከነቁጥሩ ይዘው ካውንቲ ቢሮ ይሂዱና በጽሑፍ ያስመልሱ።